አራት የኋላ ማርሽ

ጋራዤ የመጣችው መኪና 1200 ቮልስ ናት። ባለንብረቷ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ የወረሷት ከአባታቸው ነው። ካምቢዮዋ፣ የማርሽ ሳጥኗ፣ አርጅቶ ሁለተኛ ማርሽ ይተፋል።

«ሌላም አለ ልጄ» አሉኝ። «አዳማ ስወርድ ሞተሩ ይጮህብኛል። እሱንም አንድ ነገር አድርግልኝ።»

እውነታቸውን ነው። የ1200ዋ ዲፈረንሻል 4.375 ነው፤ ጎማው አንዴ እንዲዞር ከካምቢዮው የሚመጣው ዘንግ 4.375 ጊዜ ይዞራል ማለት ነው። ወደ 4.125 ቢቀየር፣ በዚያው ፍጥነት ሞተሩ 6 በመቶ ገደማ ቀንሶ ይዞራል። ከዚያ በላይ ማርሹን ማርዘም፣ ማለትም ቁጥሩን ማሳነስ፣ አልፈልግም። የ34 ፈረስ ጉልበት ሞተር አዲስ አበባ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ሩብ ያህል ጉልበቱን ያጣል። ማርሹ በጣም ከረዘመ ዳገት አይወጣም።

ሶማሌ ተራ ስንፈልግ ከቮልስዋገን ኮምቢ የወጣ ካምቢዮ አገኘን። 4.125 ነው፣ ጥርሱም አልተበላም። የቮልሷን የጎማ ዘንጎች ከነቱቧቸው አዛወርንበት፣ ዘይት ሞላን፣ ሰቀልነው። ሁለት ቀን ፈጀብን። አመሻሽ ላይ ሞተሩን አስነስቼ ፎሌ ላይ አዳመጥኩት። ድምፁ ያምራል። መምህሩ በር ላይ ቆመው ይጠብቃሉ። መኪናዋን ከክሪክ አወረድናት።

ረዳቴ የ19 ዓመት ልጅ ነው። ዘይት ያንጠባጥብ እንደሆነ ሊያይ ባትሪ ይዞ ከኋላ ቁጢጥ ብሎ ነበር። እኔ ፍሪሲዮን ረግጬ አንደኛ አስገባሁና ቀስ ብዬ ለቀቅኩ። መኪናዋ ወደ ኋላ ሄደች።

ፍሬኑን እንዴት እንደረገጥኩት አላስታውስም። ወርጄ ስሮጥ ልጁ በመከላከያውና በሥራ ጠረጴዛው መሃል ተጣብቋል። ባትሪው መሬት ላይ ወድቆ አሁንም ይበራል። ጉልበቱ አበጠ። ራጅ ተነሳ፣ አጥንቱ ደህና ነው። ያን ሌሊት ግን እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

ጥፋቱ የኔ ነው። እስከ 1967 ሞዴል ድረስ የኮምቢ የኋላ ጎማዎች እያንዳንዳቸው ጋ ሁለት ተጨማሪ ጥርሶች፣ ማለትም እየተነካከሱ የሚዞሩ ጥርሳም ክቦች፣ ነበሩ። መኪናውን ከመሬት ከፍ ያደርጋሉ፣ ጉልበትም ይጨምራሉ። ሁለት ጥርስ ሲነካከስ ደግሞ አዙሪቱ ይገለበጣል። ስለዚህ በኮምቢ ዲፈረንሻል ውስጥ ትልቁ ጥርስ፣ ኮሮናው፣ ከቮልስ በተቃራኒው ጎን ነው የሚቀመጠው። የጎማውን ጥርሶች አስቀርተን ካምቢዮውን ብቻ ስንገጥም አራት የኋላ ማርሽና አንድ የፊት ማርሽ ሠራን ማለት ነው። ይህን ከዚያ በፊት ሰምቼዋለሁ። ቸኩዬ እንጂ።

በማግስቱ አውርደን ዲፈረንሻሉን አገላበጥነው። መገልበጡ ቀላል ነው፤ ከባዱ ልኬቱ ነው። በኮሮናውና እሱን በሚያዞረው ትንሽ ጥርስ፣ በፒኞኑ፣ መሃል የሚቀረው ክፍተት ከሩብ ሚሊሜትር መብለጥ የለበትም። ቀጫጭን ቀለበቶች እየቀያየርኩ ስለካ ዋልኩ። ለዚህ ሥራ ከመምህሩ ሳንቲም አልተቀበልኩም።

አሁን ካምቢዮ የነካነው መኪና ሁሉ ጎማው አየር ላይ እንዳለ ካንዴላው ይፈታል፣ አንደኛ ማርሽ ይገባል፣ ሞተሩ በሚዞርበት አቅጣጫ ቺንጋው በእጅ ይዞራል። ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም። ጎማውን የሚያየው ያ ልጅ ነው። ከጎን ቆሞ «ፊት!» ሳይል ክሪኩን ማንም አይነካም።