የእማዬ ጥንስስና 6 ሺህ ጂኖች

ዛሬ ደብረ ብርሃን እናቴ ቤት ዋልኩ። ብርዱ አጥንት ድረስ ይገባል። እማዬ ጋኑን በወይራ አጥና ጠላ ስትጠነስስ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

"እንዲህ የሚያፈላው ግን ምንድን ነው?" አለችኝ።

እርሾ ነው አልኳት። ከዚያ ወሬው ያዘን። የእርሾ ሙሉ ጂኖም፣ ማለትም የዘር መረጃው በሙሉ፣ የተነበበው በ1996 እ.ኤ.አ. ነው። 6 ሺህ ገደማ ጂኖች፣ ማለትም የየራሳቸው ሥራ ያላቸው የዘር መረጃ ክፍሎች፣ አሉት። ማንበቡ አንድ ነገር ነው፤ የእያንዳንዱን ሥራ ማወቅ ግን ሌላ። ሳይንቲስቶቹ ምን አደረጉ? ጂኖቹን አንድ በአንድ አጠፉ። አንዱ እርሾ ይሄ ይጎድለዋል፣ ሌላው ያ። በጠፋው ጂን ቦታ መለያ የሚሆን አጭር ዲኤንኤ አስገቡ። ከዚያ ሁሉንም ቀላቅለው በሙቀት፣ በጨው፣ በመድኃኒት ይፈትኗቸዋል። መለያው የቀነሰው የትኛው ነው? እዚያ ላይ የሚያስፈልገው ጂን ከዚያ እርሾ የጠፋው ነው። ከ5 ጂኖች 1 ገደማው ደግሞ ከጠፋ እርሾው ጭራሽ አይኖርም። ይሄ ሁሌም ይገርመኛል።

እማዬ ዝም ብላ ሰማችኝ። "እኔም የጌሾን ሥራ ያወቅኩት ያነሰ ቀን ነው" አለች።

በቃ፣ ልክ እሱ ነው! ስንት ዓመት አስተምሬ እንዲህ አጥርቼ ተናግሬው አላውቅም። ሰኞ ክፍል ስገባ ከጌሾው ነው የምጀምረው።