ሮም ላይ ፈረንጁ እኔ ነበርሁ

ላሊበላ በሄድሁ ቁጥር የውጭ አገር ጎብኚዎች ትኬት ቢሮው ደጃፍ ላይ ዶላር ሲቆጥሩ እኔ ነጠላዬን አጣፍቼ በነጻ ሳልፍ፣ አንድም ቀን ስለ እነርሱ ኪስ አስቤ አላውቅም። ባለፈው ጥቅምት ለሥልጠና ሮም ሄጄ፣ ሥራው ሲያልቅ በቀሩኝ ሁለት ቀናት ከአበሌ በተረፈች ጥቂት ዩሮ ከተማዋን ለማየት ስነሣ ግን ነገሩ ተገለበጠ።

መጀመሪያ የሄድሁት የጥንት ሮማውያን ቤተ መቅደስ ወደ ነበረው ፓንተዮን ነው። መግቢያው ያኔ 5 ዩሮ ሲሆን፣ በየወሩ የመጀመሪያ እሑድ ለሁሉም ነጻ ነው፤ እኔ ሮም የገባሁት የመጀመሪያው እሑድ ባለፈ ማግስት፣ ሰኞ ነበር። ከፊቴ የተሰለፉ አንድ ሽማግሌ፣ ቆስጣ የሚመስል ቅጠል ብቅ ያለበትን የገበያ ዘንቢል እንዳንጠለጠሉ መታወቂያቸውን አሳይተው ያለ ክፍያ ገቡ፤ ለካ የሮም ነዋሪ አይከፍልም። እኔ 5 ዩሮዬን ቆጥሬ ስሰጥ ላሊበላ ያለፍኋቸው ሰዎች ፊት በየተራ መጣብኝ።

ገንዘቡ ግን አልቆጨኝም። ዝናብ ይጥል ስለነበር፣ ስፋቱ 43 ሜትር በሚሆነው ጉልላት አናት ላይ ክፍት በተተወው ቀዳዳ ውሃው ቀጥ ብሎ ወለሉ መካከል ይወርድና፣ በእብነ በረዱ ላይ በተበሱት ትንንሽ ቀዳዳዎች ድምፅ ሳያሰማ ይሰርጋል። ሁለት ሺሕ ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረው ሕንፃ ዝናብን እንዲህ ሲያስተናግድ አይቼ፣ ተሠርቶ ዓመት ሳይሞላው ማፍሰስ የጀመረው የሰፈራችን የቀበሌ አዳራሽ ትዝ አለኝ። በዚያው ጉልላት ሥር የንጉሥ ኡምቤርቶ ቀዳማዊ መቃብር ይገኛል፤ የዐድዋ ጦርነት በተደረገበት በ1888 ዓ.ም. በጣሊያን ዙፋን ላይ የነበሩት እርሳቸው ናቸው። ከመቃብሩ አጠገብ ጎብኚዎች ስማቸውን የሚያሰፍሩበት መዝገብ ተዘርግቷል። ጠባቂው በትሕትና ወደ ብዕሩ አመለከተኝ፤ እኔም ከእኒህ ንጉሥ ጋር ውጫሌ ላይ የተፈራረምነው ይበቃናል ብዬ በልቤ አመስግኜው ወጣሁ።

ከዚያ ጥቂት እንደ ሄድሁ ወደ ሳን ሉዊጂ ደይ ፍራንቼዚ ቤተ ክርስቲያን ገባሁ። መግቢያው ነጻ ነው፤ ጣሊያናዊው ሠዓሊ ካራቫጆ ስለ ቅዱስ ማቴዎስ የሣላቸው ሦስት ሥዕሎች ግን ያሉበት ጓዳ ጨለማ ስለሆነ፣ መብራቱ የሚበራው ሳጥኑ ሳንቲም ሲጎርስ ብቻ ነው። ሃያ የምንሆን ሰዎች ጨለማው ውስጥ ቆመን እያንዳንዳችን ሌላው እስኪያስገባ እንጠብቃለን። እውነቱን ለመናገር ከሁሉ ይልቅ ጸንቼ የጠበቅሁት እኔ ነኝ። በመጨረሻ አንዲት አረጋዊት መነኩሲት ከቀሚሳቸው ኪስ ሳንቲም አውጥተው ጨመሩ፤ ቀራጩ ማቴዎስም ገንዘብ በተበተነበት ጠረጴዛ ዙሪያ ከጓደኞቹ ጋር እንደ ተቀመጠ ድንገት ከጨለማው ወጣ። ብርሃኑ ከጌታ እጅ በላይ አቋርጦ ፊቱ ላይ አርፏል። አፍሬ እያየሁ ሳለ ቀጭ ብሎ ጠፋ። ሁለተኛውን ሳንቲም እኔ አስገባሁ።

ሌሊቱ ክፉ ነበር። በቴርሚኒ ባቡር ጣቢያ አካባቢ በተከራየሁት አልጋ፣ ከመስኮቱ ሥር ጠርሙስ የሚሰበስብ መኪና እስከ ንጋት የሚራገፍ መሰለኝ፤ ጠዋት ደግሞ ቀድሞ ከከፈልሁት በላይ የከተማ ግብር በየሌሊቱ ተሰልቶ በጥሬ ገንዘብ ተጠየቅሁ። ግብሩ ሕጋዊ ነው፤ ያናደደኝ አስቀድሞ የነገረኝ አለመኖሩ ነው።

በብስጭት ውሃ ልገዛ ወደ አንድ ሱቅ ስገባ፣ ደጃፉ ላይ ቡና የሚጠጡ አንዲት ሴት በአማርኛ «ወንድሜ፣ እዚህ አገር ውሃ አይገዛም፤ ና ላሳይህ» አሉኝና ከመንገዱ ማዶ ወዳለ የብረት ቧንቧ ወሰዱኝ። የሮም ሰዎች «ናዞኔ» ይሉታል፤ ትልቅ አፍንጫ ማለት ነው። አፉን በጣት ሲደፍኑት ውሃው በላይ በኩል ካለች ቀዳዳ ወደ ላይ ይፈናጠርና እንደ ልብ ያስጠጣል። መዝጊያ የለውም፤ ሌት ተቀን ይወርዳል። ውሃ በፈረቃ ለሚያገኝ፣ ጀሪካኑን ሁልጊዜ ሞልቶ ለሚያስቀምጥ እንደ እኔ ላለ ሰው፣ ሳይዘጉት ትቶ መሄድ ቀላል አይደለም።

እኒያው ሴት ከጣቢያው ጥቂት ራቅ ብሎ የቆመውን የዶጋሊ ሐውልት አሳዩኝ። በጥር 1879 ዓ.ም. የራስ አሉላ ጦር ዶጋሊ ላይ ለደመሰሳቸው አምስት መቶ ያህል ወታደሮች መታሰቢያ የቆመ ጥንታዊ የግብፅ ሐውልት ነው፤ የጣቢያው አደባባይም እስከ ዛሬ «የአምስት መቶዎቹ» ይባላል። ተሰልፎ የሚያየው የለም፤ ሥሩ አንድ ሰው ካርቶን አንጥፎ ተኝቶ ነበር።

የቅዱስ ጴጥሮስ ባሲሊካም ነጻ ነው፤ ለፍተሻ ግን ከአንድ ሰዓት በላይ ቆምሁ። ወደ ጉልላቱ መውጣት ያስከፍላል፤ በእግር የሚወጣ በአሳንሰር ከሚወጣው ያነሰ ስለሚከፍል 551 ደረጃውን በእግሬ ወጣሁ። ከላይ ሆኜ በስልኬ ካርታ እያመሳከርሁ ከባሲሊካው ጀርባ የፈለግሁት የጥንት ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ማረፊያ የነበረውን የቅዱስ እስጢፋኖስ ዘሐበሻን ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1548 እና በ1549 የግእዙን ሐዲስ ኪዳን ሮም ላይ ያሳተሙት አባ ተስፋ ጽዮን የኖሩት እዚያ ነበር።

ጥንታዊውን የትግል ሜዳ ኮሎሲየምን በተመለከተ፣ ትኬት ያልቃል ብዬ ፈርቼ ዋናው መሸጫ 18 ዩሮ የሚሸጠውን ከአንድ የኢንተርኔት ደላላ በ46 ዩሮ ገዛሁ፤ ልዩነቱ ለአስጎብኚ ነው ቢባልም የሰማሁት የጆሮ ማዳመጫውን ጩኸት ብቻ ነው።

ከዚያ በእግር ብዙ ሳይርቅ ፖርታ ካፔና አደባባይ ደረስሁ። በወረራው ዘመን የተወሰደው የአክሱም ሐውልት ተነቅሎ በ1997 ዓ.ም. በሦስት ክፍል በአውሮፕላን ወደ አገሩ እስኪመለስ የቆመው እዚህ ነበር። አንድ ባልና ሚስት ከማዶ የፓላቲኖ ኮረብታ ፍርስራሽ እንዲታይ አድርጌ ፎቶ እንዳነሣቸው ለመኑኝ፤ አነሣኋቸውና እኔም ስልኬን ሰጠሁ። ሰውየው ፍርስራሹን ሊያስገባልኝ ወዲያና ወዲህ ሲል፣ አይደለም፣ በዚህ በኩል ብዬ ባዶውን ቦታ አመለከትሁት። ስልኩን ዝቅ አድርጎ ዙሪያውን ቃኘና «እዚህ ምን አለ?» ብሎ ጠየቀኝ።