ቫቱን ሳይጨምር

በሠራተኛ አቅራቢ ኤጀንሲ በኩል አንድ ድርጅት ፋይናንስ ክፍል የገባሁት የክፍያ ሰነድ አጣሪ ሆኜ ነው። ከማጣራቸው ሰነዶች አንዱ ኤጀንሲው ራሱ በየወሩ የሚልከው ኢንቮይስ ነበር። እዚያ ሲመድቡኝ ይህን ያሰበበት ሰው ያለ አይመስለኝም።

ደመወዜ 7,000 ብር ነው። ኢንቮይሱ ላይ ለእኔ የሚጠየቀው፣ ቫቱን ሳይጨምር፣ 11,800። ደመወዜንና የአሠሪውን 11 በመቶ ጡረታ ሲቀንሱለት 4,030 ብር ይተርፋል። ከዝርዝሩ ውስጥ «የደንብ ልብስ» የሚልም አለበት። እኔ ቢሮ የምገባው በወንድሜ ሸሚዝ ነው።

መጀመሪያ ለክፍሉ ኃላፊ ነገርኳቸው። ጋሼ ደግ ሰው ናቸው። «ልጄ፣ ብጨምርልህ ደስ ይለኝ ነበር። ግን አንተ እኮ ደመወዝ ሒሳብ ውስጥ የለህም፤ አገልግሎት ግዢ ውስጥ ነህ» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። የሒሳብ መደቡን የምጽፈው እኔው ነኝ፤ ከፎቶ ኮፒ ማሽኑ ጥገና ቀጥዬ ነው ያለሁት። በቀጥታ እንዳይቀጥሩኝ ደግሞ ከኤጀንሲው ጋር የገቡት ውል ይከለክላቸዋል።

ኤጀንሲው ዘንድ ሄድኩ።

«ወንድሜ፣ እኛማ በወደድን፤ ደንበኛው ነው ያልጨመረው» አሉኝ ሥራ አስኪያጇ።

«ደንበኛውማ ለእኔ 11,800 እየከፈለ ነው።»

«ኢንቮይሱን ማን አሳየህ?»

«የማጣራው እኔ ነኝ።»

«ይሄ እኮ ምስጢር ነው!»

ከማን? ይህች ጥያቄ እስካሁን ምላሴ ላይ አለች። ሥራ አስኪያጇ ግን ቶሎ ተረጋጉ፤ ሲቪ የሞላበት ካቢኔት እንዳላቸው፣ ካልተስማማኝ ሌላ ደንበኛ ጋ ሊያዛውሩኝ እንደሚችሉ ነገሩኝ።

ሰኔ እስኪገባ አፌን ዘግቼ ጠበቅኩ። በጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ሊዘጋ ፋይሉ ሁሉ ተከምሮ ሳለ ሰው የሚቀይር የፋይናንስ ኃላፊ የለም። የዝውውሩን ነገር ለጋሼ ሹክ አልኳቸው፤ በማግስቱ «ይህ ሠራተኛ እንዲነሳብን አንፈልግም» የሚል ደብዳቤ ማኅተም ተመትቶበት ወጣ።

በዚያ ደብዳቤ ከኤጀንሲው 1,500 ብር ጭማሪ ተገኘ። ሥራ አስኪያጇ ሁሉንም ትራንስፖርት አበል እናድርገው አሉ፤ «ታክሱም ይቀልልሃል።» ጡረታውም ትርፍ ሰዓቱም የሚሰላው በመሠረታዊ ደመወዝ መሆኑን አላነሱትም። እኔ አነሳሁት። ተከራክረን ተከራክረን 500 ደመወዝ ላይ፣ 1,000 ትራንስፖርት ሆነ።

የሐምሌ ኢንቮይስ ሲመጣ በእኔ መስመር ላይ 2,450 ብር ተጨምሯል። የአሠሪው ጡረታ ተደምሮ እንኳ በእኔ ሰበብ የሚወጣው 1,555 ነው። ሒሳቡ ከተሻሻለው ውል ጋር ይገጥማል፤ ስለዚህ አጣርቼ ፈረምኩና ለጋሼ አስገባሁ።

«ይሄ ጭማሪ ያንተ ነው?»

«ከፊሉ።»

ሳቁና ፈረሙ።