የሀርድቶፕ ፖርቶመጋላ ሠርቶ መሸጥ፦ የሦስተኛው ዙር ማስታወሻ

የፖርቶመጋላ (መኪና ጣሪያ ላይ የሚታሰር የብረት ዕቃ መጫኛ) ገዢ መጀመሪያ ቀለሙን ያያል፤ ቀጥሎ “የመጨረሻው ስንት ነው?” ይላል። ጎንበስ ብሎ እግሩን የሚያይ ጥቂት ነው። ጭነቱን ጣሪያው ላይ የሚያቆየው ግን እግሩ ስለሆነ ከሁለተኛው ዙር ሥራችን ወዲህ የተለወጠው ነገር በአብዛኛው እግሩንና ክብደቱን የሚመለከት ነው። ሀርድቶፕ የሚባለው መኪና ጣሪያው ግራና ቀኝ አሸንዳ (የዝናብ ውኃ የሚሰበስብ ጠርዝ) ያለው ላንድክሩዘር 78 ነው። አሸንዳ ለሌለው መኪና ይህ እግር አይሆንም፤ ላንድክሩዘር 80 አሸንዳ አለው። ስልክ ላይ “ላንድክሩዘር ነው” የሚል ገዢ ሲመጣ መጀመሪያ የጣሪያውን ጠርዝ ፎቶ እንዲልክ ማድረግ ብዙ ምልልስ ያድናል።

ልኩ ርዝመቱ 2.10 ሜትር፣ የውጭ ወርዱ 1.24፣ የአጥሩ ከፍታ 15 ሴንቲ ሜትር ነው። ባለፈው ዙር ወርዱ 1.25 ነበር። ያቺ አንድ ሴንቲ ሜትር የወጣችው በስሌት ነው። በ1.25 ወርድ የወለሉ ርብራብ (አግድም ብረቱ) 1.20 ይሆናል፤ ባለ 6 ሜትሩ ቤርጋ (ሳይቆረጥ የሚሸጠው ሙሉ ብረት) ደግሞ ወረቀት ላይ ልክ አምስት ይወጣዋል። መቁረጫ ዲስኩ በየቁርጡ 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሚበላ አምስተኛው ያጥራል፤ የጎደለውን በብየዳ መሙላት ይመጣል፤ በኋላም የሚሰነጠቀው እዚያው ነው። በ1.24 ርብራቡ 1.19 ሆኖ አምስት ተቆርጦ 4 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይተርፋል።

የሚገዛው ብረት 25×25 በ2 ሚሊ ሜትር ቱቦላሬ (ባለ አራት ማዕዘን የብረት ቱቦ) ሦስት ቤርጋ፣ 20×20 በ1.5 ሁለት ቤርጋ፣ 40×5 ጠፍጣፋ ብረት 4 ሜትር ነው። “ሁለት ሚሊ” ተብሎ የሚሸጠው ሁሉ ሁለት አይደለም። ካሊፐር (ውፍረት መለኪያ) ከሌለ ሚዛን ይበቃል፦ 25×25 በ2 የሆነ ሙሉ ቤርጋ 8.2 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ 6.4 አካባቢ ከሆነ የተሰጣችሁ ባለ 1.5 ነው። ከመርካቶው ምናለሽ ተራ የሚገኝ ያገለገለ ቱቦላሬ ለርብራብ ይሆናል። ለማዕቀፍና ለእግር ግን አይመከርም፤ የውስጡ ዝገት ከውጭ አይታይም።

አቆራረጡ እንዲህ ነው። ከመጀመሪያው ቤርጋ ሁለት 2.10 እና አንድ 1.24፣ ከሁለተኛውም እንዲሁ፣ ከሦስተኛው ሁለት 1.24፤ ይህ የታችና የላይ ማዕቀፍ ይሆናል። ከሁለቱ የሚተርፈው ባለ 56 ሴንቲ ሜትር ቁራጭ ለአጥሩ ቋሚ አምስት አምስት ባለ 10 ሴንቲ ሜትር ይወጣዋል፤ የቀሩት ሁለቱ ቋሚዎች ከሦስተኛው ይቆረጣሉ። ማዕዘኖቹ በ45 ዲግሪ ይገጠሙ። ቀጥ ተደርጎ የተገጠመ ማዕዘን የቱቦውን አፍ ክፍት ስለሚተው ክረምቱን ሙሉ ውኃ ይጠጣል።

ብየዳው 60 መጋጠሚያ አለው፦ 8 ማዕዘን፣ 20 የርብራብ ጫፍ፣ 24 የቋሚ ጫፍ፣ 8 የእግር መያዣ። ኤሌክትሮዱ 6013 ባለ 2.5 ሚሊ ሜትር ነው፤ ለባለ 2ቱ ብረት ከ60 እስከ 80 አምፔር፣ ለባለ 1.5ቱ ወደ 50 ዝቅ ይላል። ከዚያ በላይ ከተኬደ ቱቦው ይበሳል። መጀመሪያ ሁሉም በነጥብ ብቻ ይያዛል፤ ከዚያ ከማዕዘን ማዕዘን ይለካል። ሁለቱም ሰያፍ 243.9 ሴንቲ ሜትር መምጣት አለባቸው፤ ልዩነቱ ከ3 ሚሊ ሜትር ካለፈ ነጥቡን ሰብሮ ማስተካከል ነው። ሙሉው ብየዳ በተቃራኒ ማዕዘን እየተዘለለ ይሠራል። አንዱን ጎን ጨርሶ ወደ ሌላው የሚሄድ በያጅ ማዕቀፉን እንደ ጀልባ ያጎብጠዋል፤ የጎበጠ ማዕቀፍ ደግሞ ክብደቱን ለሁለት እግር ብቻ ያሸክማል።

የርብራቡ ቁጥር ከ9 ወደ 10 ከፍ ብሏል፤ አደራደሩም እኩል መሆኑ ቀርቷል። ምክንያቱ ጄሪካን ነው። የብረቱ ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ወርዱ 16.5 ሴንቲ ሜትር ነው፤ አሥር ርብራብ እኩል ቢደረደር ክፍተቱ 16.8 ይመጣል። ጄሪካኑ ከርብራቡ ጋር ትይዩ ከቆመ ታዲያ በመሀሉ ይሾልካል። አሁን መሀል ላይ አምስት ክፍተት 12 ሴንቲ ሜትር ሆኗል፤ የቀሩት ስድስቱ 20.8 ናቸው። ከባዱ ዕቃ መሀል መቀመጡም ለመኪናው ይሻላል።

ወደ እግሩ እንምጣ። ከስድስት ወደ ስምንት አድጓል፤ በየጎኑ አራት። እያንዳንዱ እግር ሁለት የጠፍጣፋ ብረት ቁራጭ ነው። ባለ 26 ሴንቲ ሜትሩ ታጥፎ አሸንዳው ውስጥ ይቀመጣል፤ ባለ 12ቱ ከውጭ መጥቶ የአሸንዳውን ከንፈር ከሥር ይጨብጣል። ሁለቱን የሚያስተሳስሩት ሁለት ኤም 8 ቡሎኖች ናቸው፤ ጥንካሬያቸው 8.8 ይሁን፣ ራሳቸው ላይ ተጽፏል። ዳዶው ናይለን ያለው ካልሆነ ኮረኮንች በአንድ ጉዞ ይፈታዋል። በብረቱና በአሸንዳው መሀል ከአሮጌ ካላማዳሪያ የተቆረጠ ጎማ ይገባል። የእግሩ ላይኛው ጫፍ 4 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም ቀዳዳ አለው። ይህ ለሽያጭ ትልቁ ለውጥ ነው፤ ማዕቀፉ ላይ ከተበየደው መያዣ ጋር በሌላ ሁለት ቡሎን ስለሚታሰር ግራና ቀኝ ጥቂት ይሄዳል፤ የመጀመሪያው ገዢ ቢቀር ለሌላ መኪና ይሆናል። በድምሩ 32 ቡሎን፣ 32 ዳዶ፣ 64 ሮንዴላ።

መያዣው ሲበየድ የብየዳው መስመር በቱቦው ርዝመት ይሂድ። ቱቦውን አቋርጦ ዙሪያውን የሚሄድ ብየዳ ጠንካራ ይመስላል፤ መኪናው በዘለለ ቁጥር ግን ቱቦው የሚታጠፈው በዚያው መስመር ላይ ነው። በመጀመሪያ ፀጉር የመሰለች ስንጥቅ ከቀለሙ ሥር ዝገት ታሳያለች። እሷን ካያችሁ ላይዋ ላይ መበየድ ዋጋ የለውም፤ ቁራጩን ለውጡት።

ከቀለም በፊት ከየቱቦው ሥር ባለ 5 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ በትራፓኖ ይበሳ፤ የገባ ውኃ መውጫ ያገኛል። የብየዳው ቅርፊት ተራግፎ፣ በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት ተጠርጎ አንድ ሊትር አንቲረስትና አንድ ሊትር ቀለም ይበቃዋል። የብየዳውን ፎቶ ቀለም ሳይቀባ አንሱት፤ ከማንኛውም ማስታወቂያ በላይ ያሳምናል።

ባዶው 36 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ይህ ቁጥር ለገዢው ሳይነገር ሽያጭ መዝጋት ነውር ነው። የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ የሚፈቅደው የጣሪያ ጭነት ፖርቶመጋላውንም ይጨምራል። መጽሐፉ 100 ኪሎ ቢል ለአስፋልት የሚተርፈው 64 ነው። ለኮረኮንች ደግሞ 100ውን ለ1.5 ማካፈል የተለመደ ነው፤ 66.7 መጥቶ ለዕቃ 30 ገደማ ይቀራል። አንድ ሙሉ ጄሪካንና ጥቂት ነገር ማለት ነው። አዲሱ ሱዙኪ ጂምኒ የሚፈቀድለት 30 ኪሎ ብቻ ስለሆነ ባዶው ራሱ ያልፈዋል፤ ጂምኒ ይዞ የመጣ ገዢ ገንዘብ ቢዘረጋም ይመለስ።

ዋጋ የሚወጣው በብረት ዋጋ ላይ ሁለት ሙሉ የሥራ ቀን፣ ወደ 1.2 ኪሎ ኤሌክትሮድ፣ አራት መቁረጫ ዲስክ፣ መብራትና ማመላለሻ ተደምሮ ነው። ብዙ ሰው ዲስኩንና መብራቱን ይረሳና ትርፉ የት እንደገባ ይጠፋዋል። የብረት ዋጋ ስለማይቆም ብረቱን የሚሸፍን ቀብድ ተቀብሎ በዚያው ቀን መግዛት ይሻላል። ቀብድ ከመቀበል በፊት ግን መኪናው ይምጣ። ከአሸንዳ አሸንዳ ያለው ርቀት ፊት፣ መሀልና ኋላ ሦስት ቦታ ይለካ። አሸንዳው ራሱ በካቻቪቴ ጫፍ ይነካካ፤ ማሸጊያው ሥር የበሰበሰ ከሆነ እግር አይሸከምም፣ መጀመሪያ ላሜራው ይሠራ። እግርና አጥር ተደምረው ጣሪያውን ወደ 27 ሴንቲ ሜትር ስለሚያስረዝሙት ሕንፃ ሥር የሚያቆም ሰው የመግቢያውን ከፍታ አስቀድሞ ይለካ።

ከገጠማ በኋላ 100 ኪሎ ሜትር ሲነዳ ሁሉም ቡሎን እንደገና ይታሰራል፤ ጎማው ስለሚረግብ። ይህ ዳግም ማሠር በዋጋው ውስጥ ተካቶ ለገዢው ቀኑ ይነገረው። አጥብቆ ማሠርም ልክ አለው፤ አሸንዳው መጣመም ከጀመረ ታልፏል።

ያልተፈታው የነፋስ ፉጨት ነው። ባለ አራት ማዕዘን ርብራብ በፍጥነት ሲነዳ ያፏጫል። ለአራተኛው ዙር ከፊት ለፊት ባለ 1.2 ሚሊ ሜትር ላሜራ አዘንብሎ ለመግጠም ታስቧል፤ ክብ ቱቦ ለርብራብ የሞከረ ካለ የርብራቡን ክፍተትና የቱቦውን ውፍረት ቢጽፍልን።