ነርቭ ሲፈርስ

ስለ ነርቭ ጉዳት እንደማጠና የሰማ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፤ የተቆረጠ ነርቭ ተመልሶ ያድጋል ወይ? የእጅና የእግር ነርቭ ብዙ ጊዜ ያድጋል፤ ፍጥነቱ ግን በቀን 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ትከሻ አካባቢ የተበጠሰ ነርቭ ጣት እስኪደርስ ሁለት ዓመት ሊፈጅ ይችላል፤ ጡንቻው ደግሞ ያን ያህል አይታገሥም። ጠያቂው በዚህ ይበቃዋል። የእኔ ልብ ያለው ግን ከማደጉ ይልቅ አፈራረሱ ላይ ነው።

እንግሊዛዊው ሐኪም ኦገስተስ ዎለር በ1850 የእንቁራሪት ምላስ ነርቮችን ቆርጦ በማይክሮስኮፕ ሲመለከት፣ ከሴሉ የተለየው ክር ተቆራርጦ ሲበታተን አየ። ስንቁ ስለተቋረጠበት ነው የሞተው ተባለ፤ ይህ እምነት ከመቶ ዓመት በላይ ዘለቀ። በ1989 ግን በኦክስፎርድ የነበሩ ተመራማሪዎች አንድ እንግዳ የአይጥ ዝርያ አሳወቁ። በሌሎች አይጦች በአንድ ሁለት ቀን የሚፈርሰው የተቆረጠ አክሶን (ከነርቭ ሴሉ የሚወጣው ረጅም ክር) በእነዚህ አይጦች ሳምንታት ይቆያል፤ መልእክትም ያስተላልፋል! ስንቅ አጥቶ የሚሞት ነገር እንዲህ አይሆንም። በ2012 ደግሞ ሳርም1 የተባለው ፕሮቲን የሌላቸው ዝንቦችና አይጦች አክሶናቸው ቢቆረጥም ቶሎ እንደማይፈርስ ታወቀ። አክሶኑ ራሱን የሚያጠፋበት መሣሪያ ይዞ ይኖራል ማለት ነው፤ ሳርም1 ሲቀሰቀስ ሴል ያለ እርሱ የማይኖርበትን ኤንኤዲ የተባለ ንጥረ ነገር በልቶ ይጨርሳል።

ታዲያ ሳርም1ን የሚያግድ መድኃኒት ሠርተን ጉዳዩን እንዝጋው? ብዙ ባልደረቦቼ እዚህ ላይ ይቸኩላሉ። እነዚያው የኦክስፎርድ አይጦች ነርቫቸው ሲቆረጥ ከሌሎቹ አይጦች ዘግይቶ ነው የሚያድገው። አክሶኑን የሚያቅፉት ሽዋን ሴሎችና ፍርስራሽ የሚውጡ የመከላከያ ሴሎች አሮጌውን ማይሊን (የአክሶኑን የስብ ልባስ) ካልጠረጉ አዲሱ አክሶን መንገድ አያገኝም። በሕብለ ሰረሰር ውስጥ ጠረጋው እጅግ ዘገምተኛ ነው። በ1981 በሞንትሪያል አልበርት አጉዋዮና ባልደረባው ከአይጥ እግር ነርቭ ቆርጠው በአንጎል ግንድና በሕብለ ሰረሰር መካከል ሲያገናኙ፣ አያድጉም የተባሉት አክሶኖች በዚያ ውስጥ ሴንቲ ሜትሮች ተጓዙ። ጥፋቱ የዘሩ ሳይሆን የመሬቱ ነበር።

ስለዚህ የካንሰር መድኃኒት ነርቩን እየጎዳበት ላለ ሕመምተኛ፣ ክሩ ገና ስላልተቆረጠ፣ ሳርም1 ቢታገድለት እደግፋለሁ። በስለት ለተቆረጠ ነርቭ ግን አልቸኩልም፤ እንዲያውም የምሞክረው ፍርስራሹ የሚጠረግበትን ጊዜ ማሳጠር ነው። በስብሰባችን ይህን ባነሳሁ ቁጥር ክርክሩ ከተመደበልን ሰዓት ያልፋል።