ፔፔን መጥላት ቀላል ነበር

የባርሳ ደጋፊ ሆኖ የቀድሞውን የሪያል ማድሪድና የፖርቱጋል ተከላካይ ፔፔን የሚወድ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። እኔም ባርሳ ነኝ።

ዛሬ ምሳ ላይ ስለ ኃይለኛ ተከላካዮች ስናወራ አንዱ ባልደረባዬ ስልኩን አውጥቶ ያቺኑ ቪዲዮ ከፈተ። ማድሪድ ከጌታፌ የተጫወተባትን። የፔፔ ስም በተነሳ ቁጥር ሁሉም የሚያወጣት እሷን ነው። ኤፕሪል 2009፣ በርናቤው፣ 2 ለ 2፣ ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው። ፔፔ የጌታፌውን ካስኬሮን ሳጥን ውስጥ ጣለው፤ ፍጹም ቅጣት ምት ተሰጠ። እዚያ ላይ ቢያበቃ ማንም አያስታውሰውም ነበር። እሱ ግን መሬት ላይ የወደቀውን ሰው በእርግጫ መታው፤ ደገመውም። 10 ጨዋታ ተቀጣ። ካስኬሮ ምቱን ለማድሪዱ በረኛ ለካሲያስ አስረከበ፣ ማድሪድም 3 ለ 2 አሸነፈ። ፔፔ በኋላ ይቅርታ ጠይቋል። እኔን ግን ያቺ እርግጫ ዛሬም ትዘገንነኛለች። «ወኔ ነው» ብሎ የሚያልፋት ሰው አይገባኝም።

ብራዚል፣ ማሴዮ ውስጥ ነው በ1983 የተወለደው። ሙሉ ስሙ ኬፕለር ላቬራን ነው። አንዱ የከዋክብት ተመራማሪ፣ ሌላው የወባን ተህዋስ ያገኘው ሐኪም! (እንዲህ ያለ የምሁር ስም ይዞ ሰው ያሸብራል።) በ18 ዓመቱ ወደ ፖርቱጋሏ ማዴይራ ደሴት ሄዶ ለማሪቲሞ ክለብ ተጫወተ፣ ከዚያ ፖርቶ፣ ከዚያ በ2007 በ30 ሚሊዮን ዩሮ ማድሪድ። ለፖርቱጋል መጫወት የጀመረውም በዚያው ዓመት ነው።

በ2011 የማድሪዱ አሰልጣኝ ሞሪንሆ ከኋላ አንስቶ መሀል ሜዳ ላይ አቆመው። ሥራው ግልጽ ነበር፤ ባርሳን መበጥበጥ። የንጉሡ ዋንጫ ፍጻሜ ላይ ተሳካለት፣ ዋንጫው ሄደብን። ከሳምንት በኋላ በቻምፒየንስ ሊግ ግማሽ ፍጻሜ የእኛው ዳኒ አልቬስ ላይ እግሩን አንስቶ ቀይ ካርድ አየ። ያኔ 0 ለ 0 ነበር። እሱ ሲወጣ ሜዳው ተከፈተ፣ ሜሲ ሁለት አገባ። እኛ ጨፈርን። እውነት ለመናገር ግን ቀዩ ትንሽ በዝቶበታል።

በ2014 የዓለም ዋንጫ ደግሞ ሣር ላይ የተቀመጠውን ሙለርን በግንባሩ ነክቶ ተባረረ። ጀርመን 4 ለ 0 አሸነፈች። እንደዚህ ዓይነት ጅልነት!

እና ለምን እጽፋለሁ? ብዙዎች «አድጎ ተለወጠ» ይላሉ። እኔ አይመስለኝም። ያ ማንም እንዲያልፈው የማይፈልግ ሰው እስከ መጨረሻው ያው ነው። ቁጣውን የሚያወጣበትን ቦታ ብቻ መረጠ። አጥቂው ላይ ሳይሆን ኳሱ ላይ።

የ2016ቱ የአውሮፓ ዋንጫ ፍጻሜ ለዚህ ምስክር ነው። በጉዳት ከግማሽ ፍጻሜው ቀርቶ ነው የመጣው። ሮናልዶ ገና በ25ኛው ደቂቃ እያለቀሰ ወጣ። ስታዲየሙ ፓሪስ አጠገብ፣ ተጋጣሚው ፈረንሳይ። በ92ኛው ደቂቃ የፈረንሳዩ አጥቂ ዢኛክ ፔፔን ራሱን አዙሮት ወደ ጎል መታ፣ ኳሱ ቋሚውን ገጭቶ ተመለሰ። እንግዲህ ዕድልም ያስፈልጋል። ከዚያ ውጪ ግን በ120 ደቂቃ ውስጥ ያልደረሰበት ኳስ አልነበረም። የፖርቱጋሉ ኤደር ጎሉን አገባ፣ የጨዋታው ኮከብ ግን ፔፔ ተባለ።

ከዚያ በኋላ ያለው ትርፍ ነው ስንል እሱ አልሰማንም። በ38 ዓመቱ፣ ወደ ፖርቶ ተመልሶ፣ ቱሪን ላይ በ10 ሰው ዩቬንቱስን ከቻምፒየንስ ሊግ አስወጣ። በ39 ዓመቱ ኳታር ላይ ስዊዘርላንድ መረብ ላይ በቴስታ አገባ። በ41 ዓመቱ፣ በ2024ቱ የአውሮፓ ዋንጫ፣ ሀምቡርግ ላይ፣ ከፈረንሳይ ጋር፣ አጥቂው ማርኩስ ቱራም ሲፈተለክ አብሮት ሮጦ ኳሱን ነጠቀው። ልጁ በ14 ዓመት ያንሰዋል! ፖርቱጋል በመለያ ምት ወደቀች፣ ፔፔ ሮናልዶ ትከሻ ላይ አለቀሰ። በዚያው ዓመት ነሐሴ ጫማውን ሰቀለ፤ ለፖርቱጋል 141 ጨዋታ፣ ከማድሪድ ጋር ሦስት ቻምፒየንስ ሊግ።

ለባልደረባዬ የ2016ቱን ፍጻሜ ሙሉውን እልክለታለሁ። ኳሱን ትቶ 3 ቁጥሩን ብቻ ይከተል። የዢኛክንም አልቆርጥበትም።