የተሰረዘው ዓረፍተ ነገር

በጤና ቀውስ ወቅት ሕዝብ የሚፈልገው አጭርና ቁርጥ ያለ መልእክት ብቻ ነው ሲባል እስከ ዛሬ ደሜ ይፈላል። ትናንት በአንድ ሥልጠና ላይ ያው ነገር ተደገመ። አሠልጣኙ ትሑትና አዋቂ ሰው ናቸው። ነገር ግን «ያልተረጋገጠ ነገር አለ ብሎ ለሕዝብ መንገር ድንጋጤ መፍጠር ነው» ሲሉ ምሳሌ ፈልጌ ልከራከራቸው አሰብኩ፤ ሰዓቱ አለቀና ተበተንን። ስለዚህ ክርክሬን እዚህ ልጨርስ።

እ.ኤ.አ. ማርች 28 ቀን 2020 የዓለም ጤና ድርጅት በማኅበራዊ ገጹ «ሐቅ፦ ኮቪድ-19 በአየር አይተላለፍም» የሚል መልእክት አሰራጨ። በዚያን ወቅት ብዙዎቹ የዘርፉ ባለሙያዎች ቫይረሱ በዋነኛነት የሚተላለፈው ስናስልና ስንናገር በሚፈናጠሩ፣ ብዙ ሳይርቁ መሬት በሚወድቁ ጠብታዎች ነው ብለው ያምኑ ነበር። በሌላ በኩል የአየር ብናኝን የሚያጠኑ ተመራማሪዎች ከዚያ እጅግ ያነሱት ቅንጣቶች በተዘጋ ክፍል ውስጥ ለረጅም ጊዜ ተንሳፍፈው እንደሚቆዩ ይናገሩ ነበር። ክርክሩ የእውነት ክርክር ነበር። በጁላይ 239 ሳይንቲስቶች በአየር የመተላለፉ ነገር ትኩረት ይሰጠው የሚል ግልጽ ደብዳቤ አወጡ። ድርጅቱ ነገሩን በማያሻማ ቋንቋ የጻፈው ግን በ2021 መጨረሻ ነው።

ሳይንስ መሳሳቱ አያናድደኝም፤ አዲስ በሽታ ነው፣ ይሳሳታል። የሚያናድደኝ በክርክር ላይ ያለ ጉዳይ ሐቅ ተብሎ መታተሙ ነው። «አብዛኛው ባለሙያ በጠብታ ነው ይላል፣ አንዳንዶች ግን በአየር ይላሉ፤ እስኪለይ ድረስ መስኮት ክፈቱ» ቢባል ማን ይደነግጥ ነበር? መስኮት መክፈት ምንም አያስከፍልም። በዚያ ፋንታ ስንቱ ሰው በተዘጋ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ጠረጴዛና የበር እጀታ ሲወለውል ከረመ።

የጭምብሉ ታሪክ ደግሞ በእጄ ያለፈ ስለሆነ ይበልጥ ያንገበግበኛል። ያኔ የምሠራበት ቢሮ ለሕዝብ የሚበተን አንድ ገጽ ጽሑፍ እንዳዘጋጅ አዘዘኝና እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ያለው ጭምብል ለሐኪሞችና ለነርሶች እንኳ አይበቃም። እነሱ ቀኑን ሙሉ ከሕሙማን ጋር ስለሚውሉ ለጊዜው ለእነሱ እንተውላቸው። ጤነኛ ሰው ቢያደርገው ምን ያህል እንደሚጠቅም እየተጠና ነው፤ ምክሩ ሊለወጥ ይችላል።» ረቂቁ ከአለቃዬ ሲመለስ ሦስቱም ዓረፍተ ነገሮች በቀይ ተሰርዘዋል። በቦታቸው አንድ መስመር ገብቷል፦ «ጤነኛ ሰው ጭምብል አያስፈልገውም።» ከጎኑ በእጅ ጽሑፍ «ሕዝብ አታደናግር» ይላል።

ጽሑፉ ከተበተነ በኋላ በዕድሜ የገፉ አንዲት ሴት በነጻ የስልክ መስመራችን ደወሉ። ድምፃቸው የተረጋጋ ነው፤ ሊጣሉ የደወሉ አይመስሉም።

«ልጄ፣ አንድ ነገር ግራ ገብቶኝ ነው። ለእኔ የማይጠቅም ከሆነ ለሐኪሙ እንዴት ይጠቅመዋል?»

እኝህ ሴት ያነሱትን ጥያቄ በስብሰባችን ላይ ያነሳ ሰው አልነበረም። የተሰረዘውን ነገርኳቸው፤ እጥረት መኖሩን፣ ሐኪሙ ከሕመምተኛ አጠገብ መዋሉን፣ የቀረው ገና እየተጠና መሆኑን። «እንዲህ ብላችሁ ብትጽፉት ምን ነበረበት?» አሉና አመስግነውኝ ስልኩን ዘጉ። አልደነገጡም። ምክንያቱን ሲያውቁ ጭራሽ ተባባሪ ሆኑ።

በጁን 2020 የዓለም ጤና ድርጅት ምክሩን ለወጠ፤ ቫይረሱ በስፋት በሚሠራጭበትና ርቀት መጠበቅ በማይቻልበት ቦታ ሁሉም ሰው ጭምብል ያድርግ ተባለ። የእኛም ጽሑፍ ምክሩ በተቃራኒው ተቀይሮ ታተመ። ከዚያ በኋላ በስልክ የምንሰማው «ያኔ ነው የዋሻችሁት ወይስ አሁን?» የሚል ሆነ። ሰው የተቆጣው ምክሩ ስለተለወጠ ብቻ አልነበረም። የመጀመሪያው ምክር በምን ላይ እንደቆመ ስላልተነገረው፣ መለወጡ ክህደት ሆኖ ታየው።

ከቁጥር ጋር ያለን ግንኙነትም ከዚህ የተሻለ አይደለም። የፋይዘርና የባዮንቴክ ክትባት 95 በመቶ ይከላከላል ሲባል፣ ብዙ ሰው «ከመቶ ተከታቢ አምስቱ ይታመማሉ» ብሎ ተረዳው። የሙከራው ውጤት ሌላ ነው። ከ43,000 በላይ ሰዎች የተሳተፉበት ሙከራ ነበር፤ ግማሾቹ ክትባቱን፣ ግማሾቹ ክትባት የሌለበት መርፌ ወሰዱ። በክትትሉ ጊዜ በበሽታው ታመው የተገኙት 170 ሲሆኑ 162ቱ ካልተከተቡት፣ 8ቱ ከተከተቡት ወገን ናቸው። 95 በመቶ የሚባለው ከዚህ ንጽጽር የመጣ ነው፤ 8 የ162 አምስት በመቶ ገደማ ነውና፣ ካልተከተቡት ጋር ሲነጻጸር ሕመሙ በ95 በመቶ ቀነሰ ማለት ነው። እኔ በስብሰባ ላይ ይህን ለማስረዳት በነጭ ወረቀት ላይ 170 ነጥብ አደርጋለሁ፤ በግራ 162፣ በቀኝ 8። ነጥቦቹን ያየ ሰው በመቶኛው ሲቸገር አላየሁም።

ቁጥርን ያለ መነሻው መንገር ምን እንደሚያስከትል ደግሞ በ1995 በብሪታንያ ታይቷል። አዲሶቹ የወሊድ መከላከያ እንክብሎች የደም መርጋትን አደጋ በእጥፍ ይጨምራሉ የሚል ማስጠንቀቂያ ወጣ። እጥፍ መባሉ እውነት ነው፤ ከ7,000 ሴቶች በአንዷ ላይ ይደርስ የነበረው በሁለት ላይ ይደርሳል ማለት ነው። ሴቶቹ የሰሙት ግን «እጥፍ» የሚለውን ብቻ ነበር። ብዙዎች እንክብሉን ጣሉ፤ በቀጣዩ ዓመት በእንግሊዝና በዌልስ የጽንስ ማቋረጥ ቁጥር በ13,000 ገደማ ጨመረ ይባላል። እርግዝና ራሱ የደም መርጋትን አደጋ ከእንክብሉ በላይ ከፍ እንደሚያደርግ ስናስብ፣ ማስጠንቀቂያው ያሳደደው ወደ ባሰ አደጋ ነው። (ይህን ታሪክ ትናንት አሠልጣኙም ጠቅሰውት ነበር፤ ከዚያ ያወጡት ትምህርት «ቁጥር አትንገሩ» የሚል መሆኑ ነው የገረመኝ።)

በአንጻሩ በኤፕሪል 2021 የአስትራዜኔካ ክትባትና ያልተለመደ የደም መርጋት ጉዳይ ሲነሳ፣ የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች ጥቅሙንና ጉዳቱን በየዕድሜው ጎን ለጎን የሚያሳይ ሥዕላዊ መግለጫ አዘጋጁ። በአረጋውያን ዘንድ ጥቅሙ አደጋውን በብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ በወጣቶች ዘንድ፣ በተለይ ሥርጭቱ ዝቅ ሲል፣ ሚዛኑ ይቀራረባል። በዚያው ሰሞን በብሪታንያ ዕድሜያቸው ከ30 ዓመት በታች ለሆኑ ሰዎች ሌላ ክትባት ቢሰጥ ይሻላል ተባለ። ጉዳት አለ ብሎ፣ መጠኑን አሳይቶ፣ ለማን እንደሚብስ ለይቶ መናገር ይቻላል፤ ተችሎም ነበር።

የኢቦላ ወረርሽኝን በተመለከተ ብዙ የተጻፈ ስለሆነ አላረዝመውም። በ2014 በምዕራብ አፍሪካ የመጀመሪያዎቹ መልእክቶች «ኢቦላ ገዳይ ነው፤ መድኃኒት የለውም» ይሉ ነበር። ዓላማው ማስጠንቀቅ ነው። ነገር ግን መድኃኒት ከሌለ ከቤተሰቤ ተለይቼ ወደ ሕክምና ጣቢያ የምሄደው ለምንድን ነው ብሎ የጠየቀ ሰው ሞኝ አይደለም። የቀብሩም ጉዳይ እንደዚያው ነበር፤ በሽታው ከአስከሬን ስለሚተላለፍ ቤተሰብ በለመደው ሥርዓት እንዳይቀብር ተከለከለ። ቤተሰብ እንዲገኝና የሃይማኖት አባት እንዲጸልይ የሚፈቅድ የአቀባበር መመሪያ የወጣው በኖቬምበር ነው፤ እስከዚያ ድረስ ብዙ አስከሬን በስውር ተቀብሯል።

እውነቱን ለመናገር፣ አሠልጣኙ ያነሱት አንድ ከባድ ጥያቄ አለ፤ ሳይንሱ ራሱ በየሳምንቱ ሲገለባበጥ ምን ይባላል? በሜይ 2020 ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ለኮቪድ-19 ሕክምና ይሞከር የነበረው የወባ መድኃኒት ሃይድሮክሲክሎሮኪን ከፍ ካለ የሞት አደጋ ጋር የተያያዘ መሆኑን የሚገልጽ ጥናት አወጣ። የዓለም ጤና ድርጅት መድኃኒቱን የሚፈትንበትን ሙከራ ለጊዜው አቆመ። ቀናት ሳይቆዩ የጥናቱ መረጃ ከየት እንደመጣ ጥያቄ ተነሳ፤ ሙከራው እንዲቀጥል ተወሰነ፤ በጁን መጀመሪያ መጽሔቱ ጥናቱን ሰረዘው።

በእነዚያ ቀናት የስልክ መስመሩ ላይ ብሆን ኖሮ የምለውን ትናንት ማታ ጽፌ አስቀምጫለሁ፦ «አንድ ጥናት መድኃኒቱ ሊጎዳ ይችላል ብሏል። ለጥንቃቄ ሲባል ሙከራው ለጊዜው ቆሟል፤ አልተሰረዘም። የሙከራው የደኅንነት መረጃ እየታየ ነው፤ ውሳኔው እንደታወቀ እንነግርዎታለን፤ እስከዚያ ድረስ መድኃኒቱን በራስዎ ገዝተው አይውሰዱ።» ከፍ ባለ ድምፅ ሳነበው ግማሽ ደቂቃ አይሞላም። ነገ ለአሠልጣኙ እልክላቸዋለሁ፤ የትኛውን ዓረፍተ ነገር እንደሚሰርዙ ማየት እፈልጋለሁ።